አልዞር ያለው ሥዕል

አክስቴ ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያዞሩት ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ካለ ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ግራ ያዞሩታል፤ ሥዕሉ ተንሸራቶ ቀጥ ይላል። ወደ ቀኝ ያዞሩታል፤ አሁንም ይመለሳል። ቀስ ብለው ሊያታልሉት ይሞክራሉ፤ ዙሩን ሳይጨርሱ ሥዕሉ ይቀድማቸዋል።

«ምነው እንቢ አለ?» አሉኝ።

ስለ ስልኩ የጠየቁኝ መስሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ ልጁ ነበር። ሥዕሉ ውስጥ ልጅ አለ ብዬ እኔ አስቤ አላውቅም።

ይህንን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት። በአፍ ሲነገር ያንሳል። የስልክ ጨዋታ ይመስላል፤ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከዚያች ከሰዓት በኋላ ወዲህ ሥዕል የማይበት ዓይን ተለውጦብኛል፤ ከዚያም አልፎ ስለ ቤተሰቤ የማላውቀውን ነገር አውቄአለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ልሞክረው።

ቁጥር ብቻ ያላቸው ሥዕሎች

ሥዕሉ የመሪኮከብ ብርሃኑ ነው። መሪኮከብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 አዲስ አበባ የተወለደች፣ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች፣ ኑሮዋን በአሜሪካ ሜሪላንድ ያደረገች ሠዓሊ ናት። ስሟን በደንብ የሰማሁት በ2022 በ59ኛው የቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን አገር በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የሥነ ጥበብ ዝግጅት፣ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቿ በቀረቡ ጊዜ ነው። ከ58 አገሮች 213 ሠዓሊያን የተሳተፉበት፣ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑበት ትልቅ ዝግጅት ነበር። እኔ ያየሁት ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በስልኬ ነው።

የዚያ ዓመት ዐውደ ርእይ «የሕልም ወተት» የሚል ስም ነበረው። አዘጋጇ ሴሲሊያ አለማኒ ሦስት ሐሳቦችን ይዛ ነበር የተነሣችው፦ ሰውነትና የሰውነት መለዋወጥ፣ ሰውና ቴክኖሎጂ፣ እንዲሁም ሰውነትና ምድር ያላቸው ትስስር። የመሪኮከብ ሥራ ለሦስቱም ይመጥናል። ክብ በክብ ውስጥ፣ እንቁላል በእንቁላል ውስጥ ትሥላለች። ለሁለት የተከፈለ ፍሬ ነው ብለው ሲያዩት ማሕፀን ይሆናል። ቅጠል ነው ሲሉት የሰውነት ክፍል ይመስላል። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ እንደምናያቸው ዓይነት ቀጥ ያሉ፣ ተሰብረው የሚታጠፉ መስመሮች ይገባሉ። ብዙዎቹ ሥዕሎቿ ርእስ የላቸውም፤ «ርእስ አልባ» ተብለው የሮማ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የማየውን ነገር ስም የሚነግረኝ የለም ማለት ነው።

ይህ እኔን ይከብደኛል። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እየሣልኩ፣ ከክቡ ቀስት እያወጣሁ፣ ከቀስቱ ጫፍ ስም እየጻፍኩ ኖሬአለሁ። ማሕፀን። እትብት። እንግዴ ልጅ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ክቡ ያው ሆኖ ስሙ ይለወጣል፦ የዘር ሽፋን፣ ሽል፣ የዘር ቅጠል። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ የሚወድቁት ቀስቱን ወደ ሌላ ቦታ ሲልኩ ነው።

እና የመሪኮከብን ሥዕሎች ሳይ እጄ ቀስት ፈለገ። አንዱን ስልኬ ላይ አስቀረሁት። በእኔ ዓይን የተከፈለ የባቄላ ዘር ነበር። ውጭው ሽፋን፣ ውስጡ ምግብ፣ ጥጉ ላይ ታጥፎ የተኛው ትንሽ ነገር ደግሞ ገና ያልበቀለው ሽል። ሰላማዊ ሥዕል ነው ብዬ ወሰንኩ። ዝናብ የሚጠብቅ ዘር። ወሰንኩ እንጂ ልቤ አላረፈም፤ እየተመለስኩ አየው ነበር፤ አንዳንዴም ማታ መብራት ሲጠፋ በጨለማ ውስጥ እከፍተዋለሁ። ስሙን ሰጥቼው ጨርሻለሁ፤ እርሱ ግን ገና አልጨረሰልኝም።

በእሸት ጊዜ

በጥቅምት መጨረሻ፣ መንገድ በተከፈተ ሰሞን፣ አክስቴን ልጠይቅ ወደ መሐል ሜዳ ወጣሁ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚገነጠለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ብርዱን መንገር አያስፈልገውም። ጓሳን ስናቋርጥ ጉም ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቀዝቅዞ ቆመ፤ መንገዱን የጭላዳ መንጋ ይዞት ነበር።

ወርጄ አየኋቸው። ጭላዳ ሣር ሲለቅም አይነሣም፤ በመቀመጫው እንደተቀመጠ ፈቀቅ እያለ፣ በሁለት እጁ እየነጨ፣ እንደ ሰው በጣቱ እየመረጠ ይበላል። የወንዱ ጎፈር ረጅም ነው፤ ነፋሱ ከጓሳው ሣር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተኛዋል፤ ቀለሙም የደረቀ ሣር ቀለም ነው። ጉሙ ወፈር ሲል ሣሩ የት አልቆ እንስሳው የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። የሚታየኝ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ብቻ ሆነ። ሜዳው በየቦታው የተከፈተ ደረት ያለው መሰለኝ። ከጀርባቸው ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሟል። ስልኬ ላይ ያለው ሥዕል ትዝ ያለኝ እዚያ ነው፤ አክስቴን ላሳያቸው ያሰብኩትም እዚያው ነው።

ጓሳ እንዲህ ሆኖ የቆየልን በአባቶች ብልሃት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት ይከለል ነበር፤ ሣሩ እስኪደርስ ማንም አያጭደውም፣ ከብትም አይገባበትም። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል። አክስቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ «ሜዳው ሲተኛ» ነው የሚሉት። ሜዳው ይተኛል፤ ሲነቃ ይታጨዳል።

አክስቴን እትዬ ነው የምላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የልምድ አዋላጅ ነበሩ። በእጃቸው ስንት ልጅ እንደተቀበሉ ጠይቄአቸው አውቃለሁ፤ «ሰው ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። አሁን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚሄዱ እርሳቸው የሚጠሩት ለምርቃትና ለገንፎው ነው። እጃቸው ግን ያው እጅ ነው፤ ትልቅ፣ ጣቱ ረጅም፣ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ።

በሩ ላይ፣ ፀሐይ ከምታርፍበት መደብ ተቀምጠን እሸት ባቄላ እንፈለፍል ነበር። ቅርፊቱን በአውራ ጣት ሰንጥቆ ሲከፍቱት ውስጡ ነጭ ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር አለ፤ ባቄላዎቹ በዚያ ላይ ተኝተዋል። እያንዳንዱ በቀጭን ክር ከቅርፊቱ ጋር ተያይዟል። ክሩ ሲበጠስ ባቄላው ላይ ምልክት ይቀራል። ባቄላው ሲደርቅ ጠቁሮ የምናየው ያ ጭረት የእምብርት ጠባሳ ነው፤ ፍሬው ከእናቱ ሲጠባ የኖረበት ቦታ። ይህንን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሰፌዱ ሊሞላ ሲል ስልኬን አወጣሁ። «እትዬ፣ ይህንን ሥዕል ይዩልኝ። የእኛው አገር ልጅ ናት የሣለችው።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ወደ ፀሐይ ዞር አሉና ራቅ አድርገው ያዙት። እኔም ወዲያው ማብራራት ጀመርኩ፦ ይህ የተከፈለ ዘር ነው፣ እንደዚህ እንደምንፈለፍለው ባቄላ፤ ይህ ሽፋኑ ነው፤ ይህ የታጠፈው ሽሉ ነው፤ ይህች ክር ምግብ የሚያልፍባት ናት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ሆነ። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ አላነሡም።

«ዘርስ ዘር ነው» አሉ። «ግን በእግሩ ነው የመጣው።»

«ማን?»

«ልጁ ነዋ። ይኸው እግሩ። ጭንቅላቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከእናቱ ልብ ሥር ወሽቆታል። አላየሽውም?»

አየሁት። በአንድ ጊዜ፣ ልክ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ዓይን ሲለምድ እንደሚሆነው፣ አየሁት። ለወራት ሰላማዊ ዘር ነው እያልኩ ስመለከተው የኖርኩት ቅርጽ ተጨንቆ የተቀመጠ ሕፃን ሆነ። ቀጭኗ መስመር ከእግሩ አጠገብ ታልፋለች። ለዚህ ነበር ልቤ ያላረፈው? አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ዘሩን መልሼ ላየው አልቻልኩም።

እትዬ ማዞር የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ሥዕሉን አሹት። ሲነኩት ሥዕሉ ተለጠጠና ወደ ጎን ሸሸ፤ እርሳቸውም ምንም አልደነቃቸውም፤ ሆድም ሲነካ ይሸሻል። ቀስ ብለው መለሱት። ከዚያ ስልኩን ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙና ዞር፣ ዞር ማድረግ ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ነበር፤ በሹክሹክታ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ እንደሚባለው። ስልኩ ደግሞ የተሠራበትን ሥራ ይሠራል፤ ባዞሩት ቁጥር ሥዕሉን ቀና ያደርገዋል። ልጁ እንደገና በእግሩ።

«ምነው እንቢ አለ?»

ሥዕሉ እንዳይዞር ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ቁልፍ መንካት ነው። ጣቴን አንሥቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። እንደዚህ ዓይነት ፊት ላይ የስልክ ቁልፍ አይነካም።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ጥቁሩን መስታወት አዩት።

«እንዲህ የመጣ አንድ አምልጦኛል» አሉ።

«የማን?»

ባቄላ አነሡ። ሰነጠቁት። አራት ፍሬ ነበረው፤ አንድ በአንድ ሰፌዱ ላይ ጣሉት።

«የእናትሽ» አሉኝ።

ሕልም እንደ ፈቺው

ከእኔ በፊት አንድ ልጅ እንደነበረ አውቅ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «የመጀመሪያው» ትል ነበር እንጂ ከዚያ አታልፍም፤ እኛም አንጠይቃትም። የሆድን በሆድ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደተቀበለው፣ የት እንዳረፈ አልሰማሁም። አርባ ዓመት ያለፈው ዝምታ በአንድ ሥዕል ተከፈተ፤ ያውም ሜሪላንድ በምትኖር፣ እናቴንም እትዬንም በማታውቅ ሴት ሥዕል።

ስለዚህ ሳስብ የከረምኩት አንድ ጥያቄ ነው። እኔ ሥዕሉን ምን ብዬ ጠየቅሁት? እርሳቸውስ ምን ብለው ጠየቁት?

እኔ «ይህ ምንድን ነው?» ነው ያልኩት። እርሳቸው «ምን ላድርግለት?» አሉ። በዚህ ብቻ ነው የተለያየነው፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። መምህር ነኝና ስም ሳላገኝ አላርፍም፤ ስሙን ካገኘሁ ደግሞ እጄን አጥፌ እቀመጣለሁ። አዋላጅ ስም አትፈልግም። የምታየው ነገር በደህና መንገድ ላይ ነው ወይስ ተቸግሯል? ይኸው ነው። ከ100 ልጆች 3 ወይም 4 የሚሆኑት በመወለጃቸው ሰዓት በመቀመጫቸው ወይም በእግራቸው እንደሚመጡ እኔ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። እትዬ በመዳፋቸው ያውቁታል፤ መዳፋቸውም ሥዕል ሲያይ እንኳ ሥራውን አልረሳም።

በቤታችን ጠዋት ቡና ሲፈላ ሕልም ይነገር ነበር። ነጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰሚው «በጎ ነው» ማለት አለበት። ሕልም እንደ ፈቺው ነውና ክፉ ፈቺ እጅ እንዳይወድቅ ነው። ጥርሴ ወለቀ ያለ ሰው ዘመዶቹን ደኅና ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በሕልም ዓለም ጥርስ ጥርስ አይደለም፤ ወገን ነው። በልጅነቴ ይህን ሁሉ ያለ ችግር እረዳው ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ጥርስ ጥርስ ሆነ፤ መሆንም ነበረበት። ነገር ግን ሥዕል ፊት ስቆም የልጅነቴን ጆሮ ውጭ ጥዬ መግባት አልነበረብኝም።

ሰውነትና ምድር ያላቸው ትስስር ሲባል ሐሳቡ ከሩቅ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እስኪ አፋችንን እንስማው። አገሬ ለማለት እትብቴ የተቀበረበት እንላለን። በሰውነታችን ውስጥ ደም የሚሄድበትን መንገድ ደም ሥር ብለነዋል፤ ሥር የዛፍ ነው። ዘራችን ሐረግና ግንድ አለው። የአገር ልጅ የወንዝ ልጅ ነው። በወሊድ ላይ ያለችው አራስ፣ ማሳ ላይ ያለው አራሽ፤ ጆሮዬ ሁለቱን አብሮ ነው የሚሰማቸው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ደግሞ መሶብ ዙሪያ የሚባለው ነው። እናት ልጇ አንድ ጉርሻ እንዲጨምርላት ስትለምን «አፈር ስሆን» ትላለች። ለአንድ ጉርሻ ብላ አፈር ልትሆን ቃል ትገባለች። ይህንን በየቀኑ የሚናገር ሕዝብ ሰው ወደ ቅጠል፣ ቅጠል ወደ ማሕፀን ሲለወጥ ሸራ ላይ ቢያይ ምን ይገርመዋል?

ሥዕላችንም ቢሆን ሕልምን ያውቃል። በብራና የሚጻፈውን የጠልሰም ክታብ አስቡት። ጥቅልሉ የሚለካው በሕመምተኛው ቁመት ነው፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ብራናው እየተቀጠለ ከሰውየው እኩል ይረዝማል። በላዩ ላይ ዓይኖች ይሣሉበታል፤ ከፊት የሌሉ ዓይኖች፣ ከክንፍና ከሐረግ መሐል የሚያዩ። የእንስሳ ቆዳ ላይ የተሣለ፣ በሰው ልክ የተቆረጠ ሥዕል ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ፓሪስ ሄዶ ሱሪያሊስት የሚባሉትን የሕልም ሠዓሊያን ካየ በኋላ ዓይኑ የተመለሰው ወደዚህ ነበር፤ በእርሱ ሸራዎች ላይ ወፉ፣ እንቁላሉና ጠልሰሙ አንድ ሌሊት ውስጥ ይበርራሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲያስተምር ያንን ለደቀ መዛሙርቱ አቀብሏል። መሪኮከብ የተማረችበት ቤት ያው ቤት ነው።

እኔ ግን ያደግሁት በሌላኛው ዓይን ነው፤ በእርሱም አልቆጭም። የሰሜን ሸዋ ልጅ ሆኖ የአንኮበሩን አፈወርቅ ተክሌን ሳይወድ ያደገ የለም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕላቸውን ቆሜ ሳየው፣ 150 ካሬ ሜትር ብርሃን፣ ማን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ወለል ብሎ ይታየኛል። ዛሬም ሳየው እንባዬ ይመጣል። ሥዕል ማለት በጠራራ ፀሐይ የሚናገር ነገር ነው ብዬ የወሰንኩት ከዚያ ነው። በሌሊት የሚናገር እንዳለ ያሳዩኝ እትዬ ናቸው።

መሪኮከብ በእግሩ የሚመጣ ሕፃን ሥላለች አልልም። ያንን እርሷ ታውቃለች። እኔ የምለው ሥዕሏ ለእትዬ እጅ ቦታ ነበረው ነው። ርእስ ቢኖረው ኖሮ፣ እኔ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው፣ እርሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው መልሰውልኝ ወደ ባቄላቸው ይመለሱ ነበር።

ከጥዱ ሥር

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ እትዬ ዝተታቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጥዱን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እየመጣሁ ከሥሩ ድንጋይ ደርድሬ ቤት የሠራሁበት፣ ግንዱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ጥድ ነው።

«እዚህ ነው» አሉኝ።

እናቴ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወደ ታላቅ እህቷ ቤት መጥታ ነበር። ሁለት ቀን አማጠች። ሌሊት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወሳንሳ የሚሸከሙ ሰዎች እስኪሰበሰቡ እግሩ ወጣ። እትዬ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ማዋለድ ከጀመሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሆዷን በቅቤ እያሹ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው። እናቴ ተረፈች። «እናትሽን ማርያም ማረቻት» አሉ፤ ልጁን ግን ማን እንዳልማረው አልተናገሩም። ወንድ ነበር። ስም አልወጣለትም። ከእንግዴ ልጁ ጋር አድርገው እዚህ ቀበሩት።

እንግዴ ልጅ የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ቀስቱን አውጥቼ፣ ከጫፉ ጽፌ፣ ዳስተር አንሥቼ አጥፍቼዋለሁ። ከእናትም ከልጅም አካል ተዋሕዶ የሚሠራ፣ ዘጠኝ ወር አገልግሎ የሚወጣ ነገር መሆኑን አስተምራለሁ። ልጅ ብለን እንደምንጠራው ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ጥዱ ሥር ቆሜ ጆሮዬ እንግዳ የሚለውን ቃል ከውስጡ ሰማ። ሁለት ልጆች ነበሩ ማለት ነው እዚያ የተኙት፤ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ ወንድሜ።

«የእኔስ የት ነው?» አልኳቸው። እኔም እዚሁ ቤት መወለዴን አውቃለሁ፤ እትብቴ የተቀበረበትን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እትዬ በእግራቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረጉት። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል።

«የአንቺንም እዚሁ አኖርኩት» አሉኝ። «ብቻውን እንዳይሆን።»

ቅዝቃዜው በጫማዬ ሶል በኩል ሲገባ ይሰማኝ ነበር። የጥዱ ሥር አንድ ቦታ ላይ ከመሬት ወጥቶ እንደገና ይገባል፤ ልጅ ሳለሁ የድንጋይ ቤቴ በር እርሱ ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ በኩል፣ ጥላው ጋ፣ እርጥብ ነው።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳተምኩት። ቀለሙ በስልክ ላይ እንዳለው አልሆነም፤ ትንሽ ደብዝዟል፤ ቅርጹ ግን አለ። በላስቲክ አሸፍኜ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ መሐል ሜዳ ለሚወጣ ሾፌር ሰጠሁት። ከዚያ ኔትዎርክ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል «ማግኘት አይቻልም» ይለኛል። በዚያ መሐል የእትብትን ትምህርት አስተማርኩ። እንግዴ ልጅ ብዬ ጽፌ ቃሉን ለማጥፋት እጄ ዘገየ፤ እስከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ተውኩት።

አንድ እሑድ ስልኩ ተነሣ።

«ደረሰዎት ወይ እትዬ?»

«ደርሶኛል ልጄ። ዕድሜ ይስጥሽ። ምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከምድጃው ትይዩ፣ ሳይበርደው።»

አንድ ነገር ልጠይቃቸው ፈልጌ ዝም አልኩ። እርሳቸው ግን አልጠበቁኝም።

«ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጌዋለሁ» አሉኝ። «ወረቀቱ እንደ ስልኩ አላስቸገረኝም። አንዴ ሳዞረው ዞረልኝ።»